«አቤት» እስክንል ጠብቁን
ለትምህርት ሚኒስቴር
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ የሚንተባተቡ ተማሪዎችን ይመለከታል

አራተኛ ክፍል እያለሁ ብዙ ቀን «ቀሪ» ተብዬ ተመዝግቤያለሁ። አንድም ቀን ግን አልቀረሁም። መምህሩ ስም ሲጠራ «አቤት» ማለት ነበረብኝ። «አ…» ብዬ አፌ ሲያዝ እሱ ሁለት ስም አልፏል። ጓደኞቼ «አለ እኮ፣ ቲቸር!» እያሉ ያተርፉኝ ነበር። እነሱ የረሱ ቀን ነው ጣጣው። በመጨረሻ «ወላጅ አምጣ» ተባልኩና የት እንደምውል እንዳስረዳ ተጠየቅሁ። ለማስረዳት ደግሞ መናገር ያስፈልጋል።

ዛሬ ጎልማሳ ነኝ፤ አሁንም እንተባተባለሁ። «ወራጅ አለ» ማለት አቅቶኝ ስንት ፌርማታ እንዳለፍኩ እግሬ ያውቃል። «ቡና» ካስቸገረኝ «ሻይ» ብዬ አዛለሁ፤ ሻይ ባልወድም። ስሜን ስጠየቅ ግን የምተካው ቃል የለኝም።

እናቴ ጎረቤት «ውሻ አስደንግጦት ነው» ስላላት ጠበል ይዛኝ ሄዳለች። አልፈርድባትም፤ ሌላ የሚነግራት አልነበረም። መንተባተብ ከድንጋጤ ወይም ከአስተዳደግ የሚመጣ ነገር አይደለም። አእምሮ ንግግርን ከሚያቀናብርበት መንገድ ጋር የተያያዘ ነው፤ በቤተሰብም ይወርዳል። እ.ኤ.አ. በ2010 ተመራማሪዎች ከመንተባተብ ጋር የተያያዙ ጂኖች አግኝተዋል። ፍርሃት ያባብሰዋል እንጂ አያመጣውም።

አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከ2 እስከ 5 ዓመት ባለው ዕድሜ ነው። ከ100 ልጆች 5 ያህሉን ይይዛል፤ አብዛኞቹን ይለቃቸዋል። ከ100 አዋቂዎች ግን አንዱ ጋ ይቀራል። ይህን በእናንተ ቤት ስታሰሉት፣ 1,000 ተማሪ ባለበት ትምህርት ቤት ቢያንስ 10 ያህል ልጆች የንባብ ተራቸው እንዳይደርስ እየጸለዩ ተቀምጠዋል ማለት ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። መዝሙር ስዘምር አንዲት ቃል አትይዘኝም ነበር። ክፍሉ ሁሉ ባንድ ድምፅ ሲያነብም እንደዚያው። አብዛኛው የሚንተባተብ ሰው እንዲህ ነው። መምህሬ ግን «ሲዘምር ደህና፣ ሲያነብ ዲዳ! ይሄ ማስመሰል ነው» አለና አንበረከከኝ። ይህችን አንዲት ነገር ኮሌጅ ሳለ ቢነግሩት ኖሮ፣ ከጎኔ ካለው ልጅ ጋር አብረን እንድናነብ ያደርገን ነበር ብዬ አስባለሁ። ክፉ ሰው አልነበረም።

በሚቀጥለው ዓመት የመጣችው መምህርት ደግሞ አዘነችልኝ። ተራዬ ሲደርስ «አንተ ዝለል» ትላለች። ያን ጊዜ እፎይ ብያለሁ። ግን ዓመቱን ሙሉ አፌን ሳልከፍት አለፍኩ፤ ዝምታም ይለመዳል። ሙሴ «አፌ ኮልታፋ ነው» ብሎ ሲያመካኝ እግዚአብሔር አሮንን ሰጠው እንጂ «አንተ ቅር» አላለውም።

ስለዚህ የምጠይቃችሁ ትልቅ በጀት አይደለም። ስም ሲጠራ እጅ ማውጣትም እንደ «አቤት» ይቆጠር። ለመምህራን በሚሰጠው የልዩ ፍላጎት ትምህርት ውስጥ መንተባተብ ቢያንስ አንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ ያግኝ። መምህሩ ልጁን ለብቻው ጠርቶ «እንዴት ብናደርግ ይሻልሃል?» ብሎ ይጠይቀው፤ መልሱ ከልጅ ልጅ ይለያያል። ፕሬዘንቴሽን በማርክ ሲያዝ የፍጥነት ነጥብ ይቅር፣ ተጨማሪ ደቂቃ ይሰጥ። «ቀስ በል፣ ተንፍስ» የሚለው ምክር አይረዳም። ቃሌን ቀምቶ መጨረስም እንዲሁ፤ ብዙ ጊዜ የሚጨርሱልኝ ልለው ያላሰብኩትን ነው። ዓይን እያዩ መጠበቅ ይበቃል። የሚስቁ ልጆችን ዝም ማሰኘት ግን የመምህሩ ሥራ ነው።

የንግግር ሕክምና ትምህርት በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ይሰጣል። ባለሙያዎቹ ግን ጥቂት ናቸው፤ የክፍለ ሀገር ልጅ አያገኛቸውም። ከጤና ሚኒስቴር ጋር ተነጋግራችሁ ቢያንስ በየዞኑ አንድ ባለሙያ በትምህርት ቤቶች የድጋፍ ማዕከላት እየዞረ ቢያይስ? ሁለትና ሦስት ዓመት ሲሆናቸው የጀመራቸውን ልጆች ትምህርት ቤት ሳይገቡ ማየት ይሻላል። ለዚያ ደግሞ ቤት ለቤት የሚሄዱት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች አሉ።

መልስ በስልክ ባይሆን እመርጣለሁ። ከሆነም «ሄሎ» እስክል ሳትዘጉ ጠብቁኝ።

ከሰላምታ ጋር

ግልባጭ፦
ለጤና ሚኒስቴር
ለታክሲ ረዳቶች በሙሉ