ዜሮ ክፍል ለምታማርጡ ወላጆች

ሰላም እናንተዬ። በደቡብ ወሎ፣ በተሁለደሬ ወረዳ ገጠር ቀበሌዎች የመንግሥት ዜሮ ክፍል፣ ማለትም ከአንደኛ ክፍል በፊት ያለውን፣ እያወዳደራችሁ ላላችሁ።

ግድግዳው ላይ በተሳለ ፊደል አትሸወዱ፤ ቀለም ማንም ይቀባል። ገብታችሁ ቁጭ በሉ። መምህሯ ዝቅ ብላ ልጆቹን ታወራለች ወይስ ዱላ ይዛ «ሀ ሁ ሂ» ታስጮሃለች? ወንበሩስ ለእነሱ ልክ ነው ወይስ እግራቸው ከትልልቆቹ ዴስክ ላይ ተንጠልጥሏል? ሽንት ቤቱን ሳታዩ እንዳትወጡ። ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው እሱ ነው፤ ልጅ ፈርቶ ሽንቱን ይዞ ከዋለ ምን ይማራል?

በአዲሱ የትምህርት ፖሊሲ ቅድመ አንደኛ 2 ዓመት ነው። የ5 እና የ6 ዓመት ልጆች አንድ ክፍል ታጭቀው እንደሆነ ጠይቁ። መንገዱንም መስከረም ላይ፣ ወንዙ ሳይጎድል፣ አስቡት።

ዝምድና ይዟችሁ እንዳታዳሉ ብቻ። ያያችሁትን እስከ አርብ ላኩልን። አብሽሩ!