ለሐሙስ ጥናታችን፦ በጸጋ ከዳንን ሥራው ለምን?

ሰላም ወገኖች፣ ጌታ ይባርካችሁ። ባለፈው ሐሙስ እዚሁ ሐዋሳ ታቦር ሥር ስንገናኝ አንዲት እህታችን «በጸጋ ከዳንኩ ታዲያ ለምን እጾማለሁ፣ ለምንስ እመጸውታለሁ?» ብላ ነበር፤ ሰዓት አልቆብን በደንብ ሳንመልስላት ተለያየን። ጥያቄው የብዙዎቻችን ነው።

«በጸጋ በእምነት ድናችኋል፣ ከሥራ አይደለም» የሚለውን ኤፌሶን 2፥8 እና 9ን ሁላችንም በቃላችን እንወጣዋለን። ቁጥር 10ን ግን እንዘለዋለን። ጳውሎስ እዚያ ጋ በክርስቶስ የተፈጠርነው መልካም ሥራ ልንሠራ ነው ይላል። ቅደም ተከተሉን ልብ በሉልኝ፤ መጀመሪያ መዳን፣ ከዚያ ሥራ። ሥራው ፍሬ ነው እንጂ ክፍያ አይደለም።

ከኢየሱስ ጎን የተሰቀለውን ወንበዴ አስቡት። የሚጾምበት ቀን አልቀረውም፣ የሚመጸውተው ሳንቲም የለው፣ የበደለውን ሰው ሄዶ ይቅርታ የሚጠይቅበት እግርም የለው። «አስበኝ» አለ፣ በቃ። ጌታም «ዛሬ ከእኔ ጋር በገነት ትሆናለህ» አለው። ይህን ባነበብኩ ቁጥር ልቤ ይነካል።

ያዕቆብ ደግሞ ሥራ የሌለው እምነት የሞተ ነው ሲል ጳውሎስን መቃወሙ አይደለም፤ የሚገስጸው የተራበ ወንድሙን «በደህና ሂድ፣ ጥገብ» ብሎ ባዶ እጁን የሚሸኘውን ሰው ነው።

ለሐሙስ ሉቃስ 23፥39-43 እና ያዕቆብ 2፥14-26 አንብባችሁ ኑ። ዝናብም ቢሆን 11 ሰዓት ተኩል ላይ እንጀምራለን።