ሦስት ሊትር ግሉኮስ የአንድ ቀን ቀለብ አይሆንም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ባለፈው ጥቅምት ታናሽ ወንድሜ በድንገተኛ የቆሽት ብግነት ታሞ ደሴ በሚገኝ አንድ ሆስፒታል ሲተኛ፣ ከኮምቦልቻ የሐረጎን ዳገት እየወጣሁ አስታምሜዋለሁ። መነሻው የሐሞት ጠጠር ነበር። ሥቃዩን ለማስታገስና ፈሳሽ ለመተካት የደከሙትን ባለሙያዎች ከልብ አመሰግናለሁ፤ ነገር ግን «ቆሽቱ ይረፍ» ተብሎ አምስት ቀን ከግሉኮስ በቀር ምንም ሳይቀምስ ሲቆይ፣ ሰውነቱ በቀን ምን ያህል ኃይል እንደሚፈልግ በካርዱ ላይ ያሰፈረ አልነበረም። ነርስ ስለሆንኩ ሒሳቡን ራሴ ሠራሁት።

ወንድሜ ከመታመሙ በፊት 60 ኪሎ ይመዝን ነበር። ለእንዲህ ያለ ሕመምተኛ ብዙ ጊዜ የሚታሰበው በአንድ ኪሎ ክብደት በቀን ከ25 እስከ 35 ኪሎ ካሎሪ ስለሆነ፣ ዝቅተኛው እንኳ ቢወሰድ 1,500 ይደርሳል። አምስት በመቶ ግሉኮስ ያለበት አንድ ሊትር ፈሳሽ የሚሰጠው ግን 170 ገደማ ነውና፣ በቀን ሦስት ሊትር ቢገባለትም የሚያገኘው ከሚያስፈልገው አንድ ሦስተኛውን ያህል ብቻ ነው፤ ፕሮቲንማ ጭራሽ የለበትም። ብግነቱ በበኩሉ የሰውነትን የኃይል ፍጆታ ስለሚጨምርና ጡንቻን ስለሚያመነምን ጉድለቱ ዕለት ዕለት ይከማቻል። ወንድሜ ዛሬ ድኖ ወደ ሥራው ተመልሷል፤ የከሳው ሥጋው ግን ገና አልተመለሰም።

ፍጆታውን በትክክል የሚለካው ሕመምተኛው የሚጠቀመውን ኦክስጅንና የሚያስወጣውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚመዘግበው መሣሪያ መሆኑን፣ እሱም ውድ መሆኑን አውቃለሁ። የሰውነትን የኃይል ፍጆታ ከክብደት፣ ከቁመት፣ ከዕድሜና ከጾታ ተነሥቶ የሚገምተው፣ እ.ኤ.አ. በ1919 የታተመው የሃሪስና የቤኔዲክት ቀመርም ከጤነኞች ልኬት የተገኘ በመሆኑ ጽኑ ሕመምተኛ ላይ ሊስት ይችላል። ቢሆንም በጥንቃቄ የተሠራ ግምት ጨርሶ ካለመገመት እጅግ ይሻላል። ጥንቃቄው ከሚዛኑ ይጀምራል፦ ወንድሜ በሦስተኛው ቀን 66 ኪሎ መዝኖ ነበር፤ የጨመረው ግን በደም ሥር የገባው ፈሳሽ እንጂ ሥጋ አይደለም። ስለዚህ ቤተሰቡ የቀድሞ ክብደቱን ሊጠየቅ ይገባል። አብዝቶ መመገብም የደም ስኳርን ከፍ ያደርጋል፤ ብዙ ቀን ሳይበላ የቆየን ሰው በአንድ ጊዜ ወደ ሙሉው መጠን መውሰድ ደግሞ በደሙ ያለውን ፎስፌት የተባለ ማዕድን በድንገት ሊያወርደው ስለሚችል ቀስ በቀስ መጨመር ያስፈልጋል።

ቆሽትን በጾም የማሳረፉ ልማድ ዛሬ ተለውጧል። ሕመሙ ቀላል ከሆነ ታማሚው እንደቻለ ቅባት የሌለው ምግብ በአፉ ይጀምራል፤ ከበረታና መብላት ካቃተው በአፍንጫ በሚገባ ቱቦ ይመገባል፤ አንጀት ሥራ ሲፈታ ግድግዳው ስለሚዳከም ተሕዋስያን ወደ ደም ሊያልፉ ይችላሉና። እናታችን በስድስተኛው ቀን ቅቤ የገባበት አጥሚት በፔርሙዝ ይዛ ስትመጣ የመለስኳት እኔ ነኝ፤ ስለ ምግቡ አስቀድሞ የነገራት ሰው ስላልነበረ አልፈርድባትም።

በከተሞቻችን ያሉ ሆስፒታሎች በእያንዳንዱ የቆሽት ሕመምተኛ ካርድ ላይ ከሕመሙ በፊት የነበረውን ክብደት፣ በቀን የሚያስፈልገውን ኪሎ ካሎሪና በትክክል የገባለትን መጠን እንዲጽፉ፣ አስታማሚዎችም ከቤት ምን ይዘው እንደሚመጡ በመጀመሪያው ቀን እንዲነገራቸው በአክብሮት እጠይቃለሁ።

አንባቢያችሁ፣ ከኮምቦልቻ