ማሽኑ ከመገዛቱ በፊት በሩ ይለካ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

በቱሉ ዲምቱ፣ በኮዬ ፈጬና በገላን በኩል የመኪና ማደሪያ ተከራይተው፣ ለሁለት ለሦስት ሆነው እንጨት የሚሠሩ አሉ። አዋጥተው ማይተር ሶው (እንጨትን ቀጥ አድርጎ ወይም በማዕዘን የሚቆርጥ ባለ ዲስክ መጋዝ) ይገዛሉ፤ መቀመጫው ግን አይታሰብበትም። ማሽኑ የቢራ ሣጥን ላይ ይወጣና ሥራ ይጀመራል። በዚህ ላይ ጥቂት ማለት እንወዳለን።

መነሻው የማሽኑ ስፋት ሳይሆን የሞራሌው ርዝመት ነው። ሞራሌው 4 ሜትር፣ ክፍሉ 5.5 በ3 ሜትር፣ በሩም በጠባቡ ግድግዳ በኩል ነው እንበል። ማሽኑን መሐል ላይ መትከል ስሕተት ነው። ረጅሙን ግድግዳ ይዞ፣ ዲስኩ ከበሩ 2 ሜትር፣ ከውስጠኛው ግድግዳ 3.5 ሜትር ይራቅ። የ4 ሜትር እንጨት የትም ቢቆረጥ አጭሩ ቁራጭ ከ2 ሜትር አይበልጥም፤ እሱ ወደ በሩ፣ ረጅሙ ወደ ውስጥ ይተኛል። ቦታ የሚያጥረው ከጫፉ 50 ሳንቲ የማይሞላ ሲቆረጥ ብቻ ነው። ያኔ እንጨቱ ይዞርና ረጅሙ ወገን በተከፈተው በር ይወጣል፤ ውጭ አንድ መደገፊያ ይቁምለት። እዚህ ላይ ብዙው ሰው የሚረሳው የበሩን ዓምድ ነው። ዓምዱ ከጥጉ 40 ሳንቲ ወደ ውስጥ ከገባ የእንጨቱን መስመር ይዘጋል፤ ጠረጴዛው ከግድግዳው ፈቀቅ ማለት አለበት። ስለዚህ በሩ ቀድሞ ይለካ።

ዲስኩ ወደ ፊትና ወደ ኋላ የሚንሸራተተው የማሽን ዓይነት እስከ 30 ሳንቲ የሚደርስ ስፋት ይቆርጣል፣ ግን ከጀርባው ባዶ ቦታ ይፈልጋል። ለ3 ሜትር ክፍል የማይንሸራተተው ባለ 10 ኢንች ዲስክ ይሻላል እንላለን። ሰፊ ኤምዲኤፍ (ከእንጨት ብናኝ የተጨመቀ ሰሌዳ) እና ኮምፔንሳቶ ድሮም የዚህ ማሽን ሥራ አይደለም።

ማሽኑ የሚቀመጥበት መደብ እንጨቱ ከሚያርፍባቸው የግራና የቀኝ ክንፎች ዝቅ ይላል፤ ልኩ የማሽኑ ጠረጴዛ ውፍረት ነው። ይህ ከማሽን ማሽን ስለሚለያይ የራስን መለካት ነው። የክንፎቹ ከፍታ ከመሬት 90 ሳንቲ አካባቢ ቢሆን ወገብ አይጎዳም። ቀጥ ያለ የ2 ሜትር አሉሚኒየም በማሽኑና በክንፉ ላይ አጋድሞ ማየት ያስፈልጋል፤ ዝቅ ያለው በፎርማይካ ቁራጭ ይሞላል። ክንፉ 1 ሚሊ እንኳ ከፍ ካለ እንጨቱ ከማሽኑ ጠረጴዛ ይነሳል፣ ሲቆረጥ የተቆረጠው ክፍተት ይገጥምና ዲስኩን ይይዛል። የክንፉ የኋላ መደገፊያም ከማሽኑ መደገፊያ 2 ወይም 3 ሚሊ ወደ ኋላ ይግባ፤ አለበለዚያ የጎበጠ ሞራሌ ማዕዘኑን ያበላሻል።

የማሽኑ ዜሮ ዲግሪ፣ ማለትም ቀጥ ያለው አቆራረጥ፣ ትክክል መሆኑን ለማወቅ ሰፋ ያለ ጣውላ ቆርጦ አንደኛውን ግማሽ ገልብጦ ማጋጠም ነው። የሚታየው ክፍተት የስሕተቱ እጥፍ ነው።

መብራትን በተመለከተ፣ 1800 ዋት ማሽን በ220 ቮልት 8 አምፔር ገደማ ይስባል፤ 1200 ዋት የአቧራ መሳቢያ ሲጨመር ወደ 14 ይጠጋል። በተጠቀለለ ቀጭን ማከፋፈያ ሁለቱን ማስነሳት ሽቦ ማቅለጥ ነው። ለብቻው 2.5 ካሬ ሽቦና 16 አምፔር ሶኬት ይዘርጋለት። እየቆረጡ መብራት ከጠፋ ማስነሻውን ለቅቆ፣ ሶኬቱን ነቅሎ፣ ከዚያ ነው ዲስኩን ማንሳት።

ከማሽኑ ጀርባ በኮምፔንሳቶ ሦስት ጎን የተዘጋ ሣጥን ሠርቶ የመሳቢያውን ቱቦ ከግርጌው ማስገባት ይገባል፤ ከማሽኑ ጋር የሚመጣው ከረጢት ብዙውን አቧራ ያመልጠዋል። የኤምዲኤፍ ብናኝ ደግሞ ደቃቅ ነውና ጭምብል ይደረግ።

በጋራ ለሚሠራበት ቤት ልዩ አደጋው አንዱ ያሰረውን ሌላው አለማየቱ ነው። አንዱ ማሽኑን በ45 ዲግሪ ትቶት ይሄዳል፣ ሌላው በማግስቱ የበር ፍሬም አበላሽቶ ይነሳል። ለእኩል ርዝመት የሚታሰረው ማቆሚያ በአንድ ወገን ብቻ ይሁን፣ ሌላኛው ጫፍ ነፃ ይቅር፤ በሁለቱም ወገን ከታሰረ ቁራጩ በዲስኩና በማቆሚያው መሐል ተወጥሮ ይወረወራል። ሥራው ሲያልቅ ማቆሚያውን ፈትቶ ግድግዳው ላይ ማንጠልጠል፣ ማዕዘኑንም ወደ ዜሮ መመለስ የመጨረሻው ቆራጭ ግዴታ ይሁን።

የእንጨት ሥራ ባለሙያዎች
ከቱሉ ዲምቱ