ስለ አሜሪካ የሥራ አጥ ቁጥር፣ ከአራት ኪሎ

ሰላም ለዝግጅት ክፍሉ፣

ጠዋት ጠዋት አራት ኪሎ አንድ ቤት ተሰብስበን ማክያቶ እንጠጣለን። ከሥራ በፊት ግማሽ ሰዓት፣ ቢበዛ አርባ ደቂቃ። ድሮ ወሬያችን ኳስ ነበር፣ የቤት ኪራይ ነበር፣ ፒያሳ ከፈረሰ ወዲህ ደግሞ ማን የት እንደገባ ነበር። አሁን የአሜሪካ ፖለቲካ ገብቶብን ጠረጴዛው ለሁለት ተከፍሏል። በተለይ የአሜሪካ የሥራ አጥ ሪፖርት የወጣ ሰሞን ድምፅ ከፍ ይላል፣ አንዳንዴም ሰው ተኮራርፎ ይሄዳል።

ምን አገባችሁ የሚል ይኖራል። ያገባናል። እህቴ ቨርጂኒያ ናት። የሥራ ሰዓቷ ሲቀነስባት እዚህ እናታችን ጋ የሚደርሰው ገንዘብ ይቀንሳል። ከጠረጴዛው ዙሪያ ካለነው ውስጥ እዚያ ሰው የሌለው የለም።

የክርክሩ ዋናዎች ሁለት ናቸው። አንዱን ጋሼ እንላቸዋለን፤ ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህር ናቸው። ኦባማን ይወዱ ነበር፣ ከዚያም ባይደንን ደገፉ። ሌላው የኤሌክትሪክ ዕቃ የሚሸጥ ልጅ ነው፤ ትራምፕ ሲነካበት አይወድም። ሁለቱም ለሰው ችግር ቀድመው የሚደርሱ ሰዎች ናቸው። ስለ ሥራ አጥ ቁጥሩ ሲከራከሩ ስሰማ ግን ይጨንቀኛል። የሚናገሩት አንድ ዓይነት ነገር ነው፣ ተራ ብቻ ይቀያየራሉ። የራሳቸው ሰው ወንበሩ ላይ ሲሆን ቁጥሩ እውነት ነው። የሌላው ሰው ሲሆን የተፈበረከ ነው። ልጁ የኦባማ ጊዜ ያለውን፣ ጋሼ ትራምፕ ሲመጡ ቃል በቃል ደገሙት።

ይሄ እኛ የጀመርነው አይደለም፣ ከዚያው የመጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 ምርጫ አንድ ወር ሲቀረው ቁጥሩ ወደ 7.8 በመቶ ወረደ። የጄኔራል ኤሌክትሪክ የቀድሞ አለቃ ጃክ ዌልች ወዲያው የኦባማ ሰዎች እንደነካኩት የሚያስመስል ነገር ትዊተር ላይ ጻፉ። በ2016 ቁጥሩ 5 በመቶ አካባቢ ሳለ ትራምፕ የውሸት ነው፣ እውነተኛው 28፣ 29፣ እስከ 35፣ እንዲያውም 42 በመቶ ነው ሲባል ሰምቻለሁ አሉ። እሳቸው ከተመረጡ በኋላ በማርች 2017 ጥሩ ሪፖርት ወጣ። ቃል አቀባያቸው ሾን ስፓይሰር የፕሬዚዳንቱን መልስ ለጋዜጠኞች ሲያስተላልፉ፣ ድሮ የውሸት ሊሆን ይችላል፣ አሁን ግን በጣም የእውነት ነው አሉ። ቁጥሩን ያወጣው ያው መሥሪያ ቤት ነበር። መጠይቁም ያው ነበር።

በሌላው ወገንም አለ። በ2020 ወረርሽኙ ሥራውን ሁሉ ዘግቶ ቁጥሩ ኤፕሪል ላይ ወደ 14.7 ተተኮሰ። ሜይ ላይ ይብሳል ሲባል ወደ 13.3 ወረደ። ትልቁ ኢኮኖሚስት ፖል ክሩግማን ምናልባት ቁጥሩ ተነክቶ ይሆናል የሚል ጥርጣሬ ጣል አደረጉ። ተቃውሞ ሲበዛባቸው ይቅርታ ጠየቁ። ይቅርታ መጠየቃቸውን አከብራለሁ። ግን እንደሳቸው ያለ አዋቂ እንኳ ስሜቱ ከቀደመው፣ እኛ ማክያቶ ይዘን ምን እንሆናለን?

እኔ በዚህ ጉዳይ ዝም ማለት የማልችለው አንድ ጊዜ ቆጣሪ ስለነበርኩ ነው። ከዩኒቨርሲቲ ወጥቼ ሥራ ሳጣ፣ እዚሁ አራት ኪሎ መንገድ ዳር ጋዜጣ እየተከራየሁ የማስታወቂያ ገጽ ሳነብ ከርሜ፣ በኮንትራት መረጃ ሰብሳቢ ሆኜ የከተማ ሥራ አጥ ጥናት ላይ ሠራሁ። አራዳ ውስጥ ቤት ለቤት ዞሬያለሁ። መጠይቁን ይዘህ በር ታንኳኳለህ፣ ውሻ ይጮህብሃል፣ እናትየዋ ግብር ሰብሳቢ መስለሃቸው ይደነግጣሉ። ከዚያ ቁጭ ብለህ ትጠይቃለህ።

አንድ ቤት ያገኘሁትን ልጅ አልረሳውም። ዲፕሎማ አለው። እናቱ አጠገቡ ተቀምጠው፣ ልጄ ሥራ የለውም፣ ጻፍልኝ አሉኝ። መጠይቁ ግን ሥራ አለህ ወይ ብሎ አይጠይቅም። ባለፉት ሰባት ቀናት ምን ሠራህ ነው የሚለው። ልጁ እያፈረ፣ ሁለት ቀን መኪና አጥቤያለሁ አለ። በእኛ አሠራር ያ ልጅ ሥራ ያለው ሆኖ ይመዘገባል። እናቱ ሲያለቅሱ መጠይቁን ማጠፍ ፈለግሁ። አላጠፍኩትም፣ የተባልኩትን ሞላሁ። ያን ቀን ቁጥሩ ውሸት አልነበረም። የሚለካው ነገር ግን እናትየዋ ከሚያዩት ጋር አንድ አልነበረም።

አሜሪካኖቹም በዚሁ መንገድ ነው የሚሄዱት። የሠራተኛ ስታትስቲክስ ቢሮ የሚባል መሥሪያ ቤት አላቸው። በየወሩ ወደ 60 ሺህ ቤተሰብ ይጠየቃል። በዚያ ሳምንት አንድ ሰዓት እንኳ በክፍያ የሠራ፣ ሥራ አለው ይባላል። ሥራ አጥ ለመባል ደግሞ ሥራ ማጣት ብቻ አይበቃም። ባለፉት አራት ሳምንታት ሥራ መፈለግ አለብህ፣ ቢገኝም ለመጀመር ዝግጁ መሆን አለብህ። ተስፋ ቆርጦ የተቀመጠ ከሥራ አጡም ከሠራተኛውም ዝርዝር ይወጣል። በእኛ የከተማ ጥናት ላይ ግን አልፈለግኩም ያለም ቢሆን፣ ሥራ ቢገኝ እሠራለሁ ካለ ሥራ አጥ ተብሎ ይያዝ ነበር። ለማመልከቻ ፎቶ ኮፒና ለታክሲ ገንዘብ አጥታ ፍለጋ ያቆመች ልጅ አራዳ ብትሆን ትቆጠራለች፣ ኦሃዮ ብትሆን አትቆጠርም። ሁለቱም ቁጥሮች ሐቀኛ ናቸው፣ ጥያቄያቸው ነው የሚለያየው።

ልጁ ሁልጊዜ የሚያነሳት ነገር አለች። የሥራ ማጣት ድጎማው ሲያልቅበት ሰው ከመዝገብ ይሰረዛል፣ ቁጥሩ የሚወርደው ለዚያ ነው ይላል። ይሄ ስህተት ነው። ቁጥሩ ከድጎማ መዝገብ አይወጣም፣ ከቤት ለቤቱ ጥያቄ ነው የሚወጣው። ድጎማ ያልቀመሰም ሥራ እየፈለገ ከሆነ ይቆጠራል። 42 በመቶውም ቢሆን ተማሪውን፣ ጡረተኛውን፣ ልጅ የምታሳድግ እናትን፣ የማይሠራ አዋቂን ሁሉ ሥራ አጥ ብለህ ስትደምር ነው ወደዚያ የምትጠጋው። የጋሼን የጡረታ ደብተር ሥራ አጥ ብሎ እንደመመዝገብ ነው።

ግን ልጁ እውነትም አለው፣ እሱን ጋሼ መስማት አይፈልጉም። በኦባማ ስምንት ዓመት ውስጥ ከአዋቂው ሕዝብ የሚሠራውና ሥራ የሚፈልገው ድርሻ ከ65.7 በመቶ ወደ 63 አካባቢ ወርዷል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በ1946 እና ከዚያ ወዲያ የተወለደው ብዙ ትውልድ 65 ዓመት እየሞላው ጡረታ መውጣቱ አንድ ትልቅ ምክንያት ነው። ሆኖም ተስፋ ቆርጦ የተቀመጠም ነበረበት። መሥሪያ ቤቱ ራሱ ይህን አልደበቀም። ተስፋ የቆረጠውንና ሙሉ ቀን ሥራ አጥቶ ግማሽ ቀን የሚሠራውን ጨምሮ የሚያወጣው ሰፋ ያለ መለኪያ አለው። ክፉው ጊዜ ላይ ዋናው ቁጥር 10 በመቶ ሲሆን፣ ያ ሰፊው 17 አካባቢ ነበር። ማንም ገብቶ ሊያነበው ይችላል። ሚስጥር ተብሎ የሚወራው ነገር በየወሩ የሚታተም ነው።

የፕሬዚዳንቱን ውጤት በተመለከተ አጭር ልበል። ኦባማ ጃንዋሪ 2009 ሲገቡ አገሪቱ በወር ከ700 ሺህ በላይ ሥራ እያጣች ነበር። ያን እሳቸው አላመጡትም። ትራምፕ በመጀመሪያው ዘመናቸው ቁጥሩን እስከ 3.5 አድርሰውት ወረርሽኝ መጣ፤ ያንንም እሳቸው አላመጡትም። ባይደን በ2023 መጀመሪያ 3.4 አዩ፣ ከ1969 ወዲህ ዝቅተኛው ነው፤ ግን ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት የዋጋ ንረት 9.1 በመቶ ደርሶ ሰው ሥራ እያለው ኪሱ ባዶ ነበር። እህቴ በዚያን ጊዜ ሁለት ሥራ ነበራት። ለእሷ ቁጥሩ ጥሩ ነው ብትላት አትሰማህም፣ መጥፎ ነው ብትላትም ሥራ አላጣችም። ይህን ሁሉ አንድ ሰው ወንበር ላይ ስለተቀመጠ ብቻ ሆነ የሚል፣ ከየትኛውም ወገን ይሁን፣ አላምነውም።

አሁን ወደሚያናድደኝ ነገር ልምጣ። እ.ኤ.አ. ኦገስት 1 ቀን 2025 የጁላይ ሪፖርት ወጣ። አዲስ የተፈጠረው ሥራ 73 ሺህ ብቻ ነው አለ፣ የሜይና የጁን ቁጥርም በድምሩ በ258 ሺህ ተቀነሰ። በዚያው ቀን ትራምፕ የመሥሪያ ቤቱን ኃላፊ ኤሪካ ማክኤንታርፈርን አባረሩ፤ ቁጥሩ እኔንና ሪፐብሊካኖችን ለማሳጣት የተሠራ ነው ብለው። እኚህ ሴት በ2024 በሴኔት 86 ለ8 ነው የጸደቁት። ያኔ ሴናተር የነበሩት፣ በኋላ የትራምፕ ምክትል ፕሬዚዳንት የሆኑት ጄ.ዲ. ቫንስ ራሳቸው ድምፅ ሰጥተዋቸዋል። ትራምፕ በመጀመሪያው ዘመናቸው የሾሟቸው የቀድሞው ኃላፊ ዊሊያም ቢች እንኳ ማባረሩ መሠረት የለውም ብለው ተቃወሙ።

ልጁ ያን ዕለት በደስታ ገባ። ሌባ ተያዘ አለ። ቁጥሩ ከተቀየረ መጀመሪያ የተነገረው ውሸት ነበር ማለት ነው፣ አለቀ አለ። ጋሼ ተነስተው ሄዱ።

አላለቀም። አዲስ የተፈጠረው ሥራ የሚቆጠርበት ከቤት ለቤቱ የተለየ ጥናት ነው፣ ከድርጅቶች የሚሰበሰብ። ወሩ ሲያልቅ ቶሎ የሚመልስ ድርጅት አለ፣ የሚዘገይ አለ። መጀመሪያ በመጣው ይታተማል፣ የቀረው ሲመጣ ሁለት ጊዜ ይታረማል፣ በዓመቱ ደግሞ ድርጅቶች ለሥራ ማጣት መድን ከሚያስመዘግቡት የሠራተኛ ዝርዝር ጋር ይመሳከራል። ሁልጊዜ እንዲህ ነው። በባይደን ዘመንም በ2024 ከ800 ሺህ በላይ የሚቀንስ የእርማት የመጀመሪያ ግምት ወጥቷል። ያኔ ደግሞ ተቃዋሚዎቻቸው ደብቀውት ነው አሉ። እኔ እንኳ መጠይቅ ስሰበስብ በር የዘጋብኝን ቤት ሦስት ጊዜ እመለስበት ነበር። ሦስተኛው ቀን የተከፈተው ቤት የመጀመሪያውን ቀን ቁጥር ይቀይራል። ይሄ ሌብነት ነው? ኃላፊዋ ደግሞ ቁጥሩን የሚያዩት ባለሙያዎቹ ሠርተው ከጨረሱ በኋላ ነው። የሚነኩበት ቀዳዳ የለም።

ችግር የለም ማለቴ አይደለም። የቤት ለቤቱ ጥናት ከአሥር ዓመት በፊት ከአሥር ቤት ዘጠኙ ገደማ ይመልስለት ነበር፤ አሁን ሰባት እንኳ አይሞላም። ሰው በሩን እየዘጋ ነው። ፕሬዚዳንት ወጥቶ ቁጥሩ ማጭበርበሪያ ነው ሲል ደግሞ የቀረው በር ይዘጋል። ሰብሳቢው ልጅ፣ እንደ እኔ ያለው፣ ምን ብሎ ያንኳኳል?

ይህ ነገር እኛም ጋ አለ። በ2013 ዓ.ም. የተካሄደው የሥራ ኃይል ጥናት ሥራ አጥነት በአገር ደረጃ 8 በመቶ ነው ሲል ጠረጴዛችን ላይ ማንም አላመነም። የጠየቀም የለም። ገበሬው መሬቱ ብታንስም ማሳው ላይ ስለሆነ ሥራ ያለው ተብሎ ይቆጠራል፤ የአገር ቁጥሩን ዝቅ የሚያደርገው እሱ ነው። ከተማውን ለብቻ ያየ ከዚያ እጥፍ በላይ ያገኛል፣ እዚያው ጥናት ውስጥ። የሕዝብ ቆጠራ ከተደረገ ደግሞ ከ1999 ዓ.ም. ወዲህ ስንት ዓመት ሆነ። እኔ መቆጣት ካለብኝ የምቆጣው በዚህ ነው፤ ቆጣሪ ባለመላኩ።

ለጋዜጣችሁ አንድ ልመና አለኝ። የአሜሪካም ይሁን የእኛ የሥራ አጥ ቁጥር ስታትሙ አጠገቡ ሦስት መስመር ጨምሩልን። ሥራ አጥ የተባለው ማን እንደሆነ፣ ከሥራ ገበያው ስንት ሰው ውጭ እንደሆነ፣ ያለፈው ወር ቁጥር ታርሞ ከሆነ በስንት እንደታረመ። ቦታ አይፈጅም። የአሜሪካው ሪፖርት ብዙ ጊዜ የሚወጣው በወሩ የመጀመሪያ አርብ፣ በእኛ ሰዓት ከቀኑ 9 ሰዓት ተኩል ወይም 10 ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ጋሼ ካኮረፉ ወዲህ አርብ አርብ አይመጡም። እነዚያ ሦስት መስመሮች ቢታተሙ ጋዜጣውን ይዤ ቤታቸው ድረስ እሄዳለሁ፣ ልጁንም አስከትዬ።

ከአክብሮት ጋር፣
የዘወትር አንባቢያችሁ፣ ከአራት ኪሎ