«ተጀመረ» የተባለበት ሰዓት እኛ ወደ ቤታችን ስንሄድ ነው

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፤

ባለፈው ሳምንት በከተማችን በጣና ዳር ስለተካሄደው ኮንሰርት ያወጣችሁትን ዘገባ አንባቢዎቻችሁ ስላዩት ዝርዝሩን አልደግመውም። የገጹን ግማሽ የያዘው ፎቶግራፍ ባዶ ሜዳ ያሳያል። ከሥሩ «ትኬቱ አንድ ሺህ ብር ብቻ ቢሆንም» የሚል ጽሑፍ አለ። መደምደሚያው ላይ ደግሞ የባሕር ዳር ነዋሪ «ትኬት ቆርጦ ሙዚቃ የመታደም ልምድ ገና አላዳበረም» ተብሎ ተፈርዶበታል። ይህ ሁሉ ቢያናድደኝም ብዕር ያስነሳኝ በሁለተኛው አንቀጽ ላይ ያለች አንዲት አጭር ዓረፍተ ነገር ናት፤ «ኮንሰርቱ ከምሽቱ 4 ሰዓት ተኩል ላይ ተጀመረ» ትላለች።

ኮንሰርቱ የተጀመረው ከቀኑ 11 ሰዓት ከሩብ ነው። ይህን በእርግጠኝነት የምናገረው በሩ ላይ ተፈትሼ፣ በቦርሳዬ የያዝኩትን ውሃ ተቀብለውኝ ወደ ውስጥ ስገባ የመጀመሪያው ማሲንቆ ሲቃኝ በጆሮዬ ስለሰማሁ ነው። ከዚያ ሰዓት አንስቶ ከአምስት ሰዓት በላይ መድረኩን ይዘው የቆዩት የዚህችው ከተማና የአካባቢዋ ልጆች ናቸው፤ ሁለት ማሲንቆ መቺዎች፣ አንድ ክራር ደርዳሪ፣ ከበሮ የምትመታ ወጣት፣ ከእነርሱም በኋላ ቅዳሜና እሑድ በሆቴሎች የሚጫወቱ ልጆች ያቋቋሙት ባንድ። ዘጋቢያችሁ «ተጀመረ» የሚለውን ቃል ከአዲስ አበባ የመጣው ታዋቂ ድምፃዊ መድረክ ላይ ለወጣበት ደቂቃ ሲያውለው የእነዚህን ሰዎች አምስት ሰዓት ምን ብሎ እንደቆጠረው ሊነግረን ይገባል። ማሲንቆው የድምፅ ፍተሻ ነበርን? ወይስ የጣና ዳር ሰው በጣና ዳር ሲዘፍን ኮንሰርት አይባልም?

ዘጋቢያችሁ ያላየውን ልንገረው። ወደ 12 ሰዓት ገደማ ማይክሮፎኑ እየተቆራረጠ ሲያስቸግር አንደኛው ማሲንቆ መቺ ከመድረኩ ወርዶ እስከ አጥሩ ድረስ መጣና ሕዝቡን ግጥም ጠየቀ። ጋቢ የለበሱ አንድ ሽማግሌ የላስቲክ ውሃቸውን ወደ ላይ አንሥተው «ተቀበል!» አሉና እንዲህ ብለው ሰጡት፤

ጣና ሞልቶ ሳለ ውሃው እደጄ ላይ፣
ላንዲት ጉንጭ ወሰዱ ሰማንያ ከእጄ ላይ።

ማሲንቆ መቺው ተቀብሎ ሁለት ጊዜ ደጋግሞ ሲያዜመው ሜዳው በሳቅና በእልልታ ተናጋ። ሽማግሌው ያሉት እውነት ነበር፤ ውጭ 30 ብር የሚሸጠው የታሸገ ውሃ ከበሩ ወዲያ 80 ብር ነበር፣ የራስን ውሃ ይዞ መግባት ደግሞ ክልክል ነው። ጋዜጠኛ በሰዓቱ ተገኝቶ ቢሆን ኖሮ ስለ ኮንሰርቱ ዋጋ ከዚህ የተሻለ ምስክርነት የሚሰጠው ሰው አያገኝም ነበር።

አሁን ወደ ፎቶግራፉ ልምጣ። ከምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል ላይ ከመድረኩ ፊት ለፊት እግር ማሳረፊያ ስላልነበረ አብራኝ የነበረችው የእህቴ ልጅ መድረኩን ለማየት በጣቷ እየቆመች ትንጠራራ ነበር። 3 ሰዓት ሲሆን ሰዎች ስልካቸውን ማየት ጀመሩ፤ 3 ሰዓት ተኩል ላይ በሩ የሚወጣውን ሰው መቻል አቃተው። ይህን ለማስረዳት የከተማዋን ሕዝብ የሙዚቃ ልምድ መመርመር አያስፈልግም፤ ባጃጅ መጠየቅ ይበቃል። ሐምሌ 28 ቀን 2015 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ ወዲህ የባሕር ዳር ምሽት አጥሯል። የአዋጁ ጊዜ ካለፈ በኋላም ቢሆን ባጃጆች በጊዜ ይገባሉ፣ ሱቆች በጊዜ ይዘጋሉ፣ ቤት የቀረችው እናት ሰዓቱ ሲገፋ በላይ በላዩ ትደውላለች። ማስታወቂያው «ከ11 ሰዓት ጀምሮ» እያለ ዋናውን ድምፃዊ 4 ሰዓት ተኩል ላይ የሚያወጣ ዝግጅት፣ ትኬት የቆረጠውን ሰው ከከፈለበት ነገርና በሰላም ቤቱ ከመግባት አንዱን እንዲመርጥ ያስገድደዋል። እኛ ቤታችን መግባትን መረጥን፤ ዘጋቢያችሁም እኛ ከወጣን በኋላ ደርሶ የለቀቅነውን ሜዳ ፎቶ አነሳ።

«ብቻ» ስለምትለው ቃልም ጥቂት ልበል። እኔ በሒሳብ ሠራተኝነት የምተዳደር ሰው ስለሆንኩ በወጪ ዝርዝር መነጋገር ይቀለኛል። ሁለት ትኬት 2,000 ብር፣ የመሄጃ ባጃጅ በኮንትራት 200 ብር፣ ሁለት ውሃ 160 ብር፣ ለሁለታችን ሳንዱች 500 ብር፤ ድምሩ 2,860 ብር ነው። መመለሻው እዚህ ውስጥ የለም፤ ምክንያቱን ወደ በኋላ እናገራለሁ። ከመስከረም 2018 ጀምሮ በተደረገው የመንግሥት ሠራተኞች የደመወዝ ማስተካከያ የአንድ የመጀመሪያ ዲግሪ ተመራቂ መነሻ ደመወዝ ከ6,940 ብር ወደ 11,500 ብር ከፍ ብሏል። ከዚህ ላይ የሥራ ግብርና 7 በመቶ የጡረታ መዋጮ ሲነሳ እጅ ላይ የሚደርሰው 8,600 ብር ገደማ ነው። እንግዲህ ያ አንድ ምሽት የአዲስ ተመራቂን የወር ገቢ ሲሶ ይወስዳል ማለት ነው። ለብቻ ቢኬድ ወጪው በግማሽ ይቀንሳል የሚል ይኖር ይሆናል። በእኛ አገር ግን ለብቻው ኮንሰርት የሚሄድ ሰው ስንት ነው? ሴት ደግሞ በዚያ ሰዓት ለብቻዋ እንዴት ትመለሳለች? ለአዲስ አበባ ባለ ትልቅ ገቢ አንድ ሺህ ብር ቀላል ሊሆን ይችላል፤ ስለ ባሕር ዳር በተጻፈ ዘገባ ውስጥ ግን «ብቻ» ብሎ ለመጻፍ መጀመሪያ የባሕር ዳርን ደመወዝ ማወቅ ያስፈልጋል።

አዘጋጆቹንም መበደል አልፈልግም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሬ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ በዶላር የሚገባው የድምፅና የመብራት መሣሪያ፣ መለዋወጫውም ጭምር የት እንደደረሰ ሁላችንም እናውቃለን። ያ ሁሉ ዕቃ ጄኔሬተሩን ጨምሮ ከአዲስ አበባ በመኪና ተጭኖ፣ የዓባይን በረሃ አቋርጦ፣ ከ550 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ነው የሚደርሰው። አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የአልኮል መጠጥ ማስታወቂያን በሬዲዮ፣ በቴሌቪዥንና በቢልቦርድ ከከለከለ በኋላም የቢራ ፋብሪካዎች እንደ ድሮው ኮንሰርትን በስማቸው አድምቀው ማስነገር አይችሉም። ትኬቱ መወደዱ ምክንያት አለው፤ እኔ የምቃወመው ውድ የሆነውን ነገር ርካሽ ብሎ ጽፎ ያልገዛውን ሰው ጥፋተኛ ማድረግን ነው።

ትኬት የመቁረጥ «ልምድ» የተባለው ነገር ይበልጥ ያመኛል። በዚህ አገር ሰው ለሙዚቃ ገንዘቡን ሲሰጥ የኖረው ማንም ሳያስተምረው ነው። አዝማሪ ሲጫወት አድማጩ ግጥም ይሰጣል፣ ስሙ ሲነሳና ልቡ ሲነካ ተነሥቶ ብሩን በአዝማሪው ግንባር ላይ ይለጥፋል፤ አንድ ምሽት ስንት ጊዜ እንደሚነሳ የሚወስነውም ራሱ ነው። እዚህ ላይ አንድ ልዩነት አለ። አዝማሪ ቤት የሚከፈለው ከሰሙ በኋላ ነው፤ ለኮንሰርት ግን የሚከፈለው ከመስማት በፊት ስለሆነ ትኬት የሚገዛ ሰው የሚከፍለው በእምነት ነው። ስለዚህ ጥያቄው ሕዝቡ ልምድ አለው ወይስ የለውም የሚል መሆን አልነበረበትም፤ እምነቱ የት ሄደ ተብሎ መጠየቅ ነበረበት።

የእኔ የት እንደሄደ እነግራችኋለሁ። አምና ለሌላ ኮንሰርት፣ አስቀድሞ ለሚገዛ ቅናሽ አለው ተብሎ ሁለት ትኬት በ700፣ በ700 ብር ቆረጥኩ። ዝግጅቱ ተራዘመ፤ እንደገና ተራዘመ፤ ከዚያ ዝም ተባለ። በትኬቱ ላይ ባለው ስልክ ከብዙ ሙከራ በኋላ ያገኘሁት ሰው፣ ገንዘቡ የሚመለሰው አዲስ አበባ ቢሮ በአካል ለቀረበ ብቻ መሆኑን ነገረኝ። 1,400 ብር ለመቀበል ደርሶ መልስ ከ1,100 ኪሎ ሜትር በላይ እንድጓዝ ተፈረደብኝ ማለት ነው። ገንዘቡም እዚያው ቀረ። ይህ የደረሰው በእኔ ብቻ አይደለም፤ በመሥሪያ ቤታችን ብቻ ሌሎች ሦስት ሰዎች አሉ። ከዚያ ወዲህ የባሕር ዳር ሰው ድምፃዊው ከተማ መግባቱን ሳያረጋግጥ ትኬት አይቆርጥም፤ እስኪያረጋግጥ ደግሞ የቅናሹ ጊዜ ያልፍና በር ላይ 1,500 ብር ይጠየቃል። ይህን ጥንቃቄ ዘጋቢያችሁ የልምድ ማነስ አለው።

ልምድ ከተባለ እኔ በጥር 2010፣ ጥምቀት ባለፈ በሁለተኛው ቀን ቴዲ አፍሮ ባሕር ዳር ላይ ኮንሰርት ሲያቀርብ ከነበሩት አንዱ ነኝ። አጠገቤ ከጎንደርና ከደብረ ታቦር የመጡ፣ ማደሪያ አጥተው መኪና ውስጥ ሊያድሩ የተዘጋጁ ወጣቶች ነበሩ። ሁላችንም የገባነው ትኬት ቆርጠን ነው። በዚያን ጊዜ ልምድ እንደሌለን የነገረን ጋዜጣ አልነበረም። በሙሉዓለም የባህል ማዕከል አዳራሽ ቴአትርና ሙዚቃ እያየን ያደግን ሰዎች፣ ሙዚቃን ቁጭ ብሎ መታደም ምን እንደሆነ ከማንም የምንማርበት ምክንያት የለም።

መመለሻውን ልጨርስ። 3 ሰዓት ተኩል ላይ ወጥተን ባጃጅ ብንጠብቅ ጠፋ፤ ያገኘናትም አንዲት ባጃጅ ዓባይን አልሻገርም አለች። ቤታችን ዓባይ ማዶ ስለሆነ በእግራችን ተነሣን። በ2016 የተመረቀው አዲሱ የዓባይ ድልድይ 380 ሜትር ርዝመት አለው፤ መብራቱ ጥሩ ነው፣ የእግረኛ መንገዱም ሰፊ ነው። ያን ምሽት በድልድዩ ላይ ብቻችንን አልነበርንም። ከፊታችንም ከኋላችንም፣ የኮንሰርቱን ወረቀት እጃቸው ላይ እንዳሰሩ፣ ጫማቸውን አውልቀው የያዙ ልጃገረዶች፣ የተኛ ልጅ በትከሻው ያደረገ አባት፣ ቀኑን ሙሉ የቆሙ ሰዎች በዝምታ ይሻገሩ ነበር። መሐል ላይ ስንደርስ ከሐይቁ በኩል ነፋሱ የከበሮና የኪቦርድ ድምፅ ይዞ መጣ፤ ቀጥሎም የብዙ ሰው ጩኸት ተሰማ። የእህቴ ልጅ ክንዴን ያዘችና «አክስቴ፣ አሁን ወጣ!» አለችኝ። ሰዓቴን አየሁ፤ 4 ሰዓት ተኩል ይላል። ድልድዩ ላይ የነበረው ሰው ሁሉ ቆመ። የብረት አጥሩን ተደግፈን፣ ሺህ ሺህ ብር የከፈልንበትን ድምፃዊ የመጀመሪያ ሁለት ዘፈኖች፣ ቃሉን በውል ሳንለይ፣ ከውሃው በላይ አዳመጥን። ሦስተኛው ሲጀመር እናቷ ደወለች፤ ሄድን።

ስለዚህ ከአዘጋጁ የምጠይቀው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ኮንሰርቱ የተጀመረው ከቀኑ 11 ሰዓት ከሩብ መሆኑን ዘገባው በወጣበት ገጽ ላይ አርሙልን። ሁለተኛ፣ ከዚያ ሰዓት እስከ 4 ሰዓት ተኩል የተጫወቱትን ሙዚቀኞች ስም ጻፉ። ስማቸው በትኬቱ ጀርባ በትንንሽ ፊደል ታትሟል። ዘጋቢያችሁ የገባው በመጋበዣ ወረቀት ከሆነና ትኬት በእጁ ከሌለ፣ የእኔን ፎቶ አንሥቼ ልልክላችሁ ዝግጁ ነኝ።

አንባቢያችሁ
ከዓባይ ማዶ፣ ባሕር ዳር