ያ የሰጠኸኝ መለኪያ

ወንድምዓለም፣

እንደምን ከርመሃል? ሁለት ዓመት ሙሉ ድምፄን አጥፍቼ፣ ሲታመም ብቻ ጸበል ትዝ እንደሚለው ሰው፣ ጉዳይ ሲገጥመኝ መጣሁ። ጥፋቱ የኔ ነው። ስድቡን ስትደውል ታወርደዋለህ፤ አሁን ስማኝ።

የቤት ዕጣ ወጣልን! አዲስ አፓርታማ፣ ባለ ሁለት መኝታ፣ ኪራዩም እንደ አቅማችን። ባለቤቴ እልልታዋን ስትለቀው ጎረቤት ሁሉ ተነሣ። ቦታውን ብነግርህ ግን ትስቃለህ። እዚሁ ካሊፎርኒያ፣ ከኦክላንድ ከተማ በውሃ ሥር በሚያልፈው መንገድ ተሻግሮ አላሜዳ፣ የተዘጋው የባሕር ኃይል አየር ሰፈር ውስጥ ነው። ደብረ ዘይት የጄት ጩኸት ስንራገም አድገን፣ እኔ ደግሞ ከፍዬ ግቢው ልገባ!

ሄጄ አየሁት። የማኮብኮቢያው አስፋልት ተሰነጣጥቆ ሣር በቅሎበታል። በአጥር በተከለለው በኩል ከርግብ የምታንስ የባሕር ወፍ በየሚያዝያው እየመጣች ትፈለፍላለች። ጎጆ እንኳ አትሠራም፤ መሬቱን ጫር ጫር አድርጋ እንቁላሏን ትጥላለች። ዘሯ ሊጠፋ ስለደረሰ፣ ጫጩቶቹ እንዲጠለሉበት ሰዎች የጣሪያ ሸክላ ያስቀምጡላቸዋል። ለሷ ቤት ያለ ዕጣ!

ሰፈሩ በፈረንጆቹ 1940 ተከፍቶ በ1997 ተዘጋ። በ1942 ቶኪዮንና ሌሎች የጃፓን ከተሞችን ለመደብደብ የተላኩት 16ቱ ቢ-25 ቦምብ ጣይ አውሮፕላኖች ሆርኔት በተባለው አውሮፕላን ተሸካሚ መርከብ ላይ በክሬን የተጫኑት እዚሁ ወደብ ነው። እዚያ ቆሜ አንተን አሰብኩ። እውነቴን ነው፣ አትሳቅ።

ጭንቀቴ ሌላ ነው። ድሮ እዚያ ግቢ የአውሮፕላን መለኪያ ይጠገን ነበር፤ ያንተው ሙያ። ቁጥሮቹ በጨለማ እንዲያበሩ ጎጂ ጨረር በሚያመነጭ የራዲየም ቀለም ይቀቡ ነበር። እጣቢው በቦይ እየወረደ የውሃ አውሮፕላኖች የሚያርፉበት ኩሬ ገባ። በ1999 ግቢው በአገሪቱ ክፉኛ ከተበከሉት ቦታዎች መዝገብ ላይ ሰፈረ፤ ከዚያ ወዲህ በየቁራሹ ሲጸዳ ኖሯል። የኛ ቁራሽ ጸድቷል የሚል ወረቀት ሰጥተውናል። ጠለቅ አድርጎ መቆፈር ግን ያለ ፈቃድ አይቻልም። ባለቤቴ “ጎመኔንስ?” አለች። “ለጎመን ማን ጉድጓድ ይቆፍራል?” ብላት አኮረፈችኝ።

እና... እንዴት ልበልህ። ስሄድ የሰጠኸኝ የከፍታ መለኪያ አለ አይደል? ሳሎን ሰቅዬዋለሁ ያልኩህ ውሸት ነው። እስካሁን ሻንጣ ውስጥ በካልሲ ተጠቅልሎ ነው የኖረው። ስለ ራዲየሙ ካነበብኩ በኋላ አወጣሁት። መብራት አጥፍቼ ባየው አያበራም፤ “ተመስገን” አልኩ። ለካ ማብራቱ ቢያቆምም ራዲየሙ አይሞትም፣ ግማሹ እስኪያልቅ 1600 ዓመት ይፈጃል! ባለቤቴ በፌስታል ጠቅልላ በረንዳ አውጥታዋለች። ልጁ እንዳይነካው ከላዩ ባልዲ ደፍታበታለች። ያንተን ስጦታ፣ በባልዲ!

መጣሉን አንጀቴ እንቢ አለኝ። ቁጥሮቹ አሁን ቡኒ ሆነዋል፣ የመርፌዋ ጫፍም ተልጣለች። ይሄ የራዲየም ነው ወይስ ተራ ቀለም? ከጀርባው የተቀረጸውን ቁጥር ፎቶ አንሥቼ ልኬልሃለሁ። ደግሞ አንተ ያን ሁሉ ዓመት በባዶ እጅህ ስትፈታታቸው ነበር... ጤናህ እንዴት ነው? መጠየቅ የነበረብኝ መጀመሪያ ይሄን ነበር።

ቁልፉን የምንረከበው በሚቀጥለው ወር ነው። ከዚያ በፊት መልስልኝ፤ ባልዲው ለእቃ ማጓጓዣ ተፈልጓል።

ያው የምታውቀው ቀጣፊ ጓደኛህ